ሮም ወይስ ተራራው

ወንድሜ ሊያገባ መሆኑን የሰማን ዕለት እናቴ መጀመሪያ እልል አለች፤ ወዲያው ደግሞ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ጎረቤት ሰምቶ ምን ተገኘ እንዳይል ነው። በደርግ ጊዜ አዋሳ ውስጥ ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው ደስታውን እንኳ በልክ ነበር የሚደሰተው። ወንድሜ ግን የሸሸ ሰው አልነበረም፤ መንግሥት ራሱ መርጦ ቡልጋሪያ ለእርሻ ትምህርት የላከው ልጅ ነው። ሲሄድ ጢሙ እንኳ በቅጡ አላበቀለም ነበር። አሁን የዚያን አገር ልጅ ሊያገባ ነው። ሠርጉንም በጥር ያደረገው ለእናታችን ብሎ ነው፤ እናቴ በጥር ያልተደገሰ ሠርግ ሠርግ አይመስላትም። እዚያ ጥር ማለት ብርዱ የሚብስበት ወር መሆኑን ማስረዳት ለእኔ ወደቀ፤ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝና።

ቤት ውስጥ የቀረነው እናቴና እኔ ነበርን። አባቴ ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ ተዛውሮ መጥቶ፣ ከተማዋ ገና ቁጥቋጦ እያለች ቤት ሠርቶ፣ እኛን እዚሁ አሳድጎ ነው የሞተው። ከሁለታችን ደግሞ ለሠርጉ መሄድ የምትችለው አንዳችን ብቻ ነበረች። የተጻፈ ሕግ ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም፤ ነገሩን ግን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ከአንድ ቤት ሁሉም ሰው ተጠራርጎ አይወጣም። የሄደው እንዲመለስ የሚናፍቀው ሰው እዚህ መቅረት አለበት።

"አንቺ ሂጂ" አለች እናቴ። "እኔማ ጉልበቴ አይችልም። አውሮፕላን ውስጥ ስገባ ደግሞ ልቤ ቀጥ ይላል።"

አውሮፕላን ውስጥ ገብታ አታውቅም። ጉልበቷንም ቢሆን አውቀዋለሁ፤ በየወሩ ለገብርኤል ከቤታችን ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ በእግሯ ደርሳ፣ ቅዳሴውን ቆማ አስቀድሳ የምትመለስ ሴት ናት። እኔ ደግሞ ሰው ቤት ሻይ ሲጨመርልኝ እንኳ "ኧረ በቃኝ፣ ኧረ ተዉ" ሳልል ብርጭቆዬን የማልሰጥ ሰው ነኝ። ልጇን ለዓመታት ያላየች እናት ቦታዋን ስትሰጠኝ ግን አንዴ እንኳ "ኧረ አይሆንም" አልወጣኝም። "እሺ" አልኩ። እንዲያውም ከአፏ ነጠቅኳት ማለት ይቀላል።

ወንድሜ እኔ መሆኔን ሲሰማ አንድ ነገር ጨመረልኝ። ከሠርጉ በኋላ ትርፍ ቀናት አሉሽ፣ አንድ ቦታ ምረጪ አለ። ወይ ከእሱና ከሙሽራይቱ ጋር በረዶ ያለበት ተራራ እወጣለሁ፣ ወይ ጥቁር ባሕርን አያለሁ፣ ወይ ደግሞ ቀናቱን ቆጥቤ በመልስ ጉዞ አውሮፕላን በምቀይርበት በሮም እቆያለሁ። ከሦስቱ አንዱን ነው፤ ቀኑ ለሁለት አይበቃም። ወጪውን እሱ ችሎታል።

ባሕሩን ወዲያው ተውኩት። በብርድ ውሃ ዳር ቆሞ መንቀጥቀጥ ምን ይሉታል? ውሃ ከሆነ ሐይቃችን ከቤታችን በታች አለ። የቀሩት ሮምና ተራራው ናቸው፤ ልቤ ከመጀመሪያው ያለው ተራራው ላይ ነው። በየዓመቱ ስለ አውሮፓ የአየር ጠባይ ሳስተምር ሰሌዳው ላይ በጠመኔ የበረዶ ተራራ የምስል ሰው ነኝ። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና "ቲቸር፣ እዚያ አገር በረዶው ሲወርድ ድምፅ አለው?" አለችኝ። እኛ የምናውቀው ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው። መልሱን አላውቀውም ነበር፤ ስለዚህ "ጥያቄሽ ከትምህርቱ ውጭ ነው፣ ተቀመጪ" አልኳት። ተቀመጠች። ያቺ ልጅ ከዚያ ወዲህ እጇን አውጥታ አታውቅም።

አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ፣ በድርቅ ለተጎዱ ወገኖቻችን እንድረስ የሚል ፖስተር ከተለጠፈበት ግድግዳ ሥር ተቀምጬ፣ አትላስ ዘርግቼ ሽርሽር እመርጥ ጀመር። ሰው ሲገባ አትላሱን በፈተና ወረቀት እሸፍነዋለሁ። ፖስተሩ ላይ ያለችው ሴትዮ ግን የምታየኝ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ወንበሬን አዙሬ ጀርባዬን ሰጠኋት።

ከአስተማሪዎቹ ጉዳዬን የነገርኩት ለአንዱ ነው፤ ለታሪክ አስተማሪው። ወረቀት እያረመ ነበር፤ ቀና እንኳ ሳይል ፈረደ።

"ሮም ነው እንጂ! ምን ጥያቄ አለው? ተራራ ምን ይሠራልሻል?"

የታሪክ ሰው ስለሆነ ያረጀ ድንጋይ ወዶ ነው ብዬ አሰብኩ። "እኔ ማየት የምፈልገው በረዶ ነው" አልኩት።

ያን ጊዜ እስክሪብቶውን አስቀምጦ በአድናቆት አየኝ። "ጎበዝ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ለጠየቀሽ ሁሉ እንደሱ በይ።" ምን ለማለት እንደፈለገ አልገባኝም። አጠገቤ ያለውን ነገር በማየት ጎበዝ አይደለሁም፤ የማውቀው የሩቁን ነው።

ለመውጫ ቪዛ ዋስ ያስፈልግ ነበር። ዋሱ የመንግሥት ሠራተኛ መሆን አለበት፤ የሄደው ሰው ካልተመለሰ የሚጠየቀው እሱ ነው። እንዴት እንደሚጠየቅ በግልጽ የሚናገር የለም፤ ከሥራ መባረር አለ ይባላል፣ መታሰርም አለ ይባላል። ስለዚህ ዋስ ፈላጊ መንገድ ላይ ሲታይ ወዳጅ ሁሉ ድንገት ሌላ ጉዳይ ትዝ ይለዋል። እኔም የመሃል ከተማን ቢሮዎች እየዞርኩ ስንቱ ወዳጄ እንደሚቸኩል አየሁ።

ጋሼ ግን በራሳቸው እግር መጡ። ጋሼ የምላቸው ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩትን የከተማው ውሃ ክፍል የቧንቧ ሠራተኛ ነው። የሲዳማ ሰው ናቸው፤ ጴንጤ ናቸው። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ እሑድ እሑድ ሳሎናቸው ውስጥ ድምፃቸውን ቀንሰው ይዘምራሉ፤ ኦርቶዶክሷ እናቴ ደግሞ ዝማሬው ውጭ እንዳይሰማ ሬዲዮዋን ከፍ ታደርግላቸዋለች። ስለዚህ ጉዳይ በሁለቱ ቤቶች መካከል አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም። የበኩር ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ግንባር ነበር።

"ዋስ አጣች ይላሉ። እውነት ነው?" አሉ ለእናቴ፣ ገና ከበሩ ሳያልፉ። "እኔ የለሁም እንዴ?"

ባለቤታቸው እትዬ ከኋላቸው፣ አጥሩ በር ላይ ቆመው ነበር። ከሩቅ ሲያዩኝ ቀድመው የሚስቁ ሴት ናቸው፤ ያን ቀን አልሳቁም። ልስማቸው ስቀርብ ጉንጫቸውን ሰጡኝ እንጂ አልሳሙኝም።

"ጋሼ፣ እመለሳለሁ፣ አይስጉ" አልኳቸው።

"አውቃለሁ ልጄ፣ አውቃለሁ" አሉ፣ የሚያለቅስ ሕፃን እንደሚያባብሉ። "ሮም ይሻላል። ተራራ ብርድ ነው። ሮም የእኛ ሰው ሞልቷል፣ እየጠየቅሽ ትሄጃለሽ። የእኔን ነገር አታስቢ።"

የእኔን ነገር አታስቢ ያሉኝን፣ ለፊርማው ተመላልሰው ስለሚደክሙት ድካም ነው የተረዳሁት። እንዲያውም "ውለታዎን እግዜር ይክፈልዎት" ብዬ ሳቅኩ። እትዬ ከበሩ ላይ ዞረው ሄዱ።

ከገና በኋላ አንድ ከሰዓት በራችን ተንኳኳ። እናቴ ገበያ ሄዳለች። ስከፍት አንዲት የነርስ ተማሪ ቆማለች፤ ትሕትናዋ የሚያሳዝን ልጅ ናት።

"ክፍሉን ደግሜ ልየው ብዬ ነው" አለችኝ። "አልጋዬ ሰፋ ስለሚል ይገባ እንደሆን።"

"የትኛው ክፍል?"

"ልጃቸው የምትለቀው።" ቀና ብላ አየችኝና ደነገጠች። "እርስዎ ነዎት እንዴ? እናትዎ ከጥምቀት በኋላ ነፃ ይሆናል ብለውኝ ነው።"

አስገባኋት። ምን ላድርግ? አልጋዬና ግድግዳው መካከል ያለውን ቦታ በክንዷ እየለካች ሳለ እኔ በሩን ተደግፌ ቆሜያለሁ፤ መጻሕፍቴን እንዳትነካ ተጠንቅቃ ነበር። ሌላ ሰው የለቀቀውን ክፍል ጎብኝቼ አውቃለሁ፤ የራሴን ክፍል ስትጎበኝ ማየት ግን ሌላ ነው። የታሪክ አስተማሪው አድናቆት፣ የጋሼ ሮም ይሻላል ማለት፣ የእትዬ ጉንጭ፣ የእናቴ ጉልበት፣ ሁሉም አንድ ላይ ገባኝ። ለካ እኔ መዝናኛ ስመርጥ ሰው ሁሉ ማምለጫ እየመረጠልኝ ነው። እውነቱን ለመናገር መቅረት በሐሳቤ ሽው ብሎ አያውቅም ነበር። ሌሎቹ ለከባድ ነገር አንገታቸውን ሲሰጡ እኔ ተራራ ላይ መንሸራተት ነው የምፈልገው። ያፈርኩትን ማፈር እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም።

እናቴ ዘንቢሏን ሳታስቀምጥ ያዝኳት።

"እማዬ፣ እኔ እኮ እመለሳለሁ።"

"እሺ" አለች፣ ቲማቲሟን እያወጣች።

"የምሬን ነው!"

"እሺ አልኩሽ እኮ። እንደሱ በይ። ቀበሌም ሲጠይቁሽ ሳትደናገጪ እንደሱ ነው የምትይው።"

ተናደድኩ። ክፍሌን አከራይተሻል፣ ሳልሞት ቀብረሽኛል፣ ልጅሽን እንደ ዕቃ ትሸኛለሽ፣ ብዙ ብዙ ነገር አልኩ፤ ስናደድ አፌ በር የለውም። እሷ ድምፄን እንድቀንስ ብቻ በእጇ ምልክት ታሳየኛለች። በመጨረሻ "የአባቴ አጥንት ይፋረደኝ፣ እመለሳለሁ!" ብዬ ልምል ስል ተነሥታ አፌን በመዳፏ ያዘችኝ።

"አትማይ" አለችኝ። "በኋላ ይከብድሻል።"

ችግሩ ይህ ነበር። በዚያ ዘመን የሚቀረው ሰው ሁሉ "እመለሳለሁ" ብሎ ነው የሚሄደው፤ የሚመለሰውም "እመለሳለሁ" ብሎ ነው የሚሄደው። ለእውነት የተለየ ቃል አልተረፈልንም። ብምል ለግድግዳው የማልኩ፣ ባለቅስ ስንብት፣ ብስቅ ብልሃት ይመስላታል።

በዚያች ሰዓት ግን አንድ የምታምነው ነገር ልናገር እችል ነበር። "እንግዲያው እኔ እቀራለሁ፣ ልጅሽን አንቺ ሂጂና እዪው" ብላት ታምነኝ ነበር። አላልኩም። ቪዛው በእኔ ስም ወጥቷል፣ ጋሼ ፈርመዋል፣ ጊዜው አልፏል አልኩ ለራሴ። እውነት ነው፣ አልፎ ነበር። ስላለፈ እፎይ ማለቴም እውነት ነው።

በማግስቱ ለወንድሜ ተራራውን መርጫለሁ ብዬ ጻፍኩለት። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ያማረ ነበር፤ ሮምን ካልመረጥኩ መመለሴን ሁሉም ያምናል አልኩ። ምክንያቱ አልነበረም። በረዶውን ማየት ፈልጌ ነው።

ስሄድ እናቴ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘችኝ። ጋሼ ሻንጣዬን ጣሪያ ላይ ወጥተው በእጃቸው አሰሩልኝ፣ ገመዱንም ሁለቴ ሞከሩት። እትዬ አልመጡም። እናቴ የአባቴን ካፖርት አልብሳኝ በዚያ ሙቀት ቁልፉን እስከ አንገቴ ቆለፈችው። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ እያንዳንዱን ነገር አየችው፤ ቅንድቤን፣ ጆሮዬን፣ ልጅ ሆኜ ወድቄ የተሰፋሁትን አገጬን። እኔ ደግሞ ሰው እያየን ነው ብዬ አፍሬ "በቃ እማዬ፣ ይበቃል" አልኳት።

ቡልጋሪያ ስደርስ ወንድሜ አውሮፕላን ማረፊያ አቅፎኝ ሳለ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ በሩን ያያል። በደብዳቤ እኔ ብቻዬን እንደምመጣ ያውቃል፤ እንዲያም ሆኖ ያያል። "እማዬስ?" አለኝ። "ጉልበቷ" አልኩት። "በጣም ነው እንዴ የሚያማት?" ሲለኝ "አዎ፣ አልቻለችም" አልኩ። በሠርጉ ዕለት ለእሷ ብሎ ከፊት ባስቀመጠው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የሙሽራይቱ እናት እጄን ይዘው በማይገባኝ ቋንቋ ብዙ ነገር ነገሩኝ፤ ለእናቴ የተዘጋጀ ነገር እንደነበር ገባኝ። ራሴን እየነቀነቅኩ ተቀበልኩላት።

ከዚያ ተራራው መጣ።

በረዶው ድምፅ የለውም። ስነቃ ከመስኮቱ ውጭ ዝም ብሎ ይወርዳል፤ ዛፉም፣ አጥሩም፣ የቆመው መኪናም ቅርፁ ጠፍቷል። በአባቴ ካፖርት ወጥቼ እጄን ዘረጋሁ፣ ቀመስኩት፣ ወደቅኩበት፣ ተንከባለልኩበት። ሙሽሮቹ የጫጉላቸውን ጊዜ ትተው በእኔ ሲስቁ ዋሉ። ደስ አለኝ። ከልጅነቴ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ በዚያ ደስታ ውስጥ እናቴንም ጋሼንም ረስቻቸው ነበር። ሲመሽ ትዝ ይሉኝና ሳህኔን ገፋ አደርጋለሁ፤ ሲነጋ እንደገና እረሳቸዋለሁ። ቀናቱ እንደዚያ አለቁ።

ሮም የቆየሁት አውሮፕላን እስክቀይር ብቻ ነው። የመሸጋገሪያ ቪዛ ይዣለሁ፤ የመውጫው በር ከተቀመጥኩበት ፊት ለፊት ነው፤ ሰው ይወጣል፣ ሰው ይገባል። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ መቅረትን የምር አሰብኩት። ታማኝነት መለሰኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር። የእትዬ ፊት መጣብኝ፤ ይህ አንድ ነገር ነው። ግን ደግሞ ፈርቼ ነበር፤ ማንንም የማላውቅበት ከተማ ውስጥ ብቻዬን መቆም ፈራሁ። አውሮፕላኑ ሲጠራ ከሁሉ ቀድሜ ተሰለፍኩ።

አዋሳ የደረስኩት ከሰዓት ነው። ከአውቶቡስ ተራ በጋሪ መጥቼ ሰፈራችን ስወርድ መጀመሪያ ያዩኝ እትዬ ናቸው። ደጃቸው ላይ ልብስ እያጠቡ ነበር። አረፋ በአረፋ በሆነ እጃቸው ሮጠው መጥተው አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ፤ ሊንበረከኩ ሲሉ አነሣኋቸው። በሲዳምኛ የሚሉትን ብዙውን አልሰማሁትም። በአማርኛ ያሉት ግን "ይቅር በይኝ ልጄ፣ በየቀኑ ስረግምሽ ነበር" የሚል ነው። ጋሼ ከሥራ ሲመለሱ አዩኝ። ጨበጡኝና "እንኳን በደህና መጣሽ" አሉ፤ ከዚያ ጫማቸው ላይ ያለውን ጭቃ ማየት ጀመሩ። የልጃቸውን ነገር ልጠይቃቸው ፈልጌ ሳልጠይቅ ወደ ቤት ገባሁ።

እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሳሎን ተቀምጫለሁ፤ ክፍሌ ውስጥ የነርስ ተማሪዋ ታጠናለች። በሩ ላይ ቆመች። አልሮጠችም፣ እልል አላለችም።

"ምን ሆንሽ? መለሱሽ?" አለችኝ።

"ማንም አልመለሰኝም። እመለሳለሁ ብዬሽ አልነበር?"

መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። ነጠላዋን አወረደች፣ አጣጠፈች፣ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

"የምርሽን ነበር?"

"የምሬን ነበር።"

"ልትመለሺ ከሆነማ እኔ እሄድ ነበር" አለች።

ቁጣ አልነበረበትም። አንድ የተሳሳተ ነገር እንደሚያርም ሰው ነው ያለችው። ቀና ብላ አላየችኝም። ከእንግዲህ ሌላ ፈቃድ እንደማይገኝ ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ ወንድሜም ሚስቱን ይዞ በዚያ ጊዜ ወደዚህ አይመጣም።

ነጠላዋን ከጉልበቷ አንሥታ "በይ እሺ፣ ንገሪኝ" አለች። "ምን መስሏል?"

"ደህና ነው። ወፈር ብሏል።"

"ፀጉሩስ? እንደ አባቱ ከፊት መመለጥ ጀምሯል?"

አሰብኩ። ጥዱ ከበረዶው ክብደት እንዴት እንደሚጎነበስ አውቃለሁ፤ ፀሐይ ስትወጣ ጥላው ሰማያዊ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ የበረዶውን ጣዕም አውቃለሁ። የወንድሜን ግንባር ግን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት።

"ተራራው ላይ ቆብ አድርጎ ነበር" አልኳት።

"በሠርጉም ቀን?" አለችኝ።